ፓላው ለዳይቪንግ የሄደ አለ? ማንታ፣ ሻርክ፣ የጄሊፊሽ ሐይቅ

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

ሰላም ለቤቱ። ፓላው የሄደ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ረዘም ያለ እረፍት ወስጃለሁ። ባለቤቴም አብሮኝ ነው። ማንታ ሬይ (ያንን እንደ ክንፍ የተዘረጋ ትልቅ ዓሣ)፣ ሻርክ፣ እና ያንን በጄሊፊሽ የተሞላ ሐይቅ ማየት እፈልጋለሁ። የኦፕን ዋተር (የጀማሪ ጠላቂ) ሰርተፊኬት አለኝ፤ የተማርኩት ካንኩን ነው። ከዚያ ወዲህ የወረድኩት ግን ጥቂት ነው፣ እሱም ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ። ባለቤቴ ዋና ይችላል። ዳይቪንግ ሲባል ግን «ከላይ ነጻ አየር እያለ ለምን ከቆርቆሮ እተነፍሳለሁ» ይላል።

እና ብሉ ኮርነር የሚባለው ቦታ ለእኔ ዓይነት ጀማሪ ይሆናል ወይ? ባለቤቴስ ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ቁጭ ብሎ ሊያኮርፍ ነው ወይስ ለእሱም የሚሆን ነገር አለ? ወጪውንም ብትነግሩኝ። አመሰግናለሁ።

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ሄጃለሁ። ዳይቪንግ የተማርኩት ኤይላት ስለሆነ ሁሉን ነገር ከቀይ ባሕር ጋር ነው የማነጻጽረው፤ እሱን ታግሠሽ አንብቢ።

ፓላው ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ ናት። ደሴቶቿ ከ300 በላይ ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ። ሕዝቧ 18 ሺህ ገደማ ነው። ሁሉም ነገር የሚነሳው ኮሮር ከምትባለው ከተማ ነው። ጠዋት ጀልባ ትሳፈሪያለሽ፤ ከዚያ በሮክ አይላንድስ መሀል መንገድ ነው። አናታቸው ጫካ የለበሰ፣ እግራቸው ውሃው ጋ ተበልቶ የቀጠነ የኖራ ድንጋይ ደሴቶች ናቸው። ዩኔስኮ በ2012 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧቸዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሳትጠልቂም የጀልባው ጉዞ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል።

አሁን ብሉ ኮርነር። ወደ ጥልቁ ባሕር የወጣ የሪፍ (ኮራል የሠራው የባሕር ውስጥ ድንጋይ) አፍንጫ ነው በይው። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጫፉ ላይ ግን ቀጥ ያለ ገደል አለ፣ ታቹ አይታይም። ከረንቱ (የባሕሩ ውሃ ፍሰት) መጥቶ ገደሉን ሲመታ ከሥር ያለውን ውሃ ሽቅብ ይገፋዋል። ውሃው ምግብ ይዞ ይወጣል። ምግቡን ትናንሽ ዓሦች ይከተላሉ፣ ትናንሾቹን ባራኩዳና ጃክ የሚባሉት አዳኝ ዓሦች፣ እነሱን ደግሞ ሻርክ። ስለዚህ ከረንት በሌለበት ሰዓት ወርደሽ ቦታው ጭር ቢልብሽ አይግረምሽ። የምትፈሪው ነገር ነው ሻርኩን የሚጠራልሽ።

እዚያ ጫፍ ላይ እየዋኙ መቆም የሚባል ነገር የለም። የሪፍ መንጠቆ ይሰጡሻል፤ ገመድ ያለው የብረት መንጠቆ ነው፣ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ቢሲዲሽ (አየር የሚነፋው የጠላቂ ጃኬት) ላይ ይያያዛል። መንጠቆውን የሞተ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትከቺያለሽ፤ ሕይወት ያለው ኮራል ላይ በፍጹም! ቢሲዲሽን ትንሽ ትነፊያለሽ። ከዚያ እንደ ካይት ተንሳፈሽ ትቀሪያለሽ። ከፊትሽ ግራጫ ሪፍ ሻርኮች ጭራቸውን እምብዛም ሳያወዛውዙ ከረንቱ ላይ ያንዣብባሉ። አንዳንዴ ያ ትልቁ ናፖሊዮን ዓሣ መጥቶ በዓይኑ ይገላምጥሻል። ዓይኑ ለብቻው ስለሚዞር ከእግር እስከ ራስሽ ሲያይሽ ይታወቅሻል።

ሲያበቃ መጀመሪያ አየሩን ከቢሲዲው ታስወጪያለሽ፣ ከዚያ መንጠቆውን ትነቅያለሽ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥሽው ሳታስቢው ወደ ላይ ትወሰጃለሽ፤ ችግር የሚመጣው እዚያ ጋ ነው።

እና ለጥያቄሽ መልሴ፦ ይሆናል፣ በመጀመሪያው ቀን ግን አይሆንም። ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ያሉ ቦታዎች ውረጂ። ከዚያ ጋይድሽን «ከረንቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ውሰደኝ» በይው። እነሱ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ያውቁታል።

ዱባይ_ጠላቂ

ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የዳይቪንግ አስተማሪ ነኝ፤ የምሠራው ፉጀይራ በኩል ነው። ፓላውን አውቃታለሁ።

«ጋይድሽን ጠይቂው» ማለት ጥሩ ጋይድ ለደረሰው ነው የሚሠራው። እኔ የወጣሁበት ጀልባ ላይ (ስማቸውን አልጠራም) ከረንት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎችን ከቆዩ ጠላቂዎች ጋር ቀላቅለው አወረዱ። አንዷ ልጅ መንጠቆው አልይዝ ብሏት በሪፉ ላይ እየተንከባለለች ሄደች። ደርሰን ያዝናት። ምንም አልሆነችም፣ ግን አየሯ ከሁላችንም ቀድሞ አለቀ። ድንጋጤ አየር ይበላል። የእሷ ማለቅ ደግሞ የሁላችንንም ዳይቭ አሳጠረው።

እህቴ የባህርዛፍ፣ ሦስት ነገር ራስሽን ጠይቂ። በውሃ መሀል ሳትሰምጪና ሳትነሺ ቀጥ ብለሽ መቆም ትችያለሽ? ገደል አጠገብ ሆነሽ ጥልቀትሽን ሳትረሺ የእጅ ኮምፒውተርሽን (ጥልቀትና ሰዓት የሚያሳየውን) ታያለሽ? ኤስኤምቢሽን (ለጀልባው ምልክት የሚሆነውን በአየር የሚነፋ ቱቦ) ከሥር ሆነሽ ለቀሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ጀልባው መልሕቅ ጥሎ አይጠብቅሽም፤ ከረንቱ ወስዶሽ የምትወጪበት ቦታ መጥቶ ነው የሚያነሳሽ። እንዲያይሽ ያ ብርቱካንማ ቱቦ ከውሃው በላይ መቆም አለበት። ሦስቱም አዎ ከሆነ ሂጂ። ካልሆነ መጀመሪያ አድቫንስድ ኦፕን ዋተር ውሰጂና ከረንት ባለበት ቦታ ተለማመጂ።

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

@ዱባይ_ጠላቂ በጄ፣ ይሁን። ስለ ቡድን ማቀላቀሉ እውነትህን ነው። ስትመዘገብ «አንድ ጋይድ ስንት ሰው ይይዛል?» ብላ ትጠይቅ። ከአራት አምስት በላይ ካሉ ሌላ ትፈልግ።

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

እናንተ ልጆች ገደሉንና ከረንቱን ተከራከሩ። እኔ ለባልየው ልናገር።

ልጄ፣ ባለቤትሽ አያኮርፍም። እኔ ታንክ የሚባል ነገር ጀርባዬ ላይ አዝዬ አላውቅም። ዋና የተማርኩት አዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል ገንዳ ነው፣ ያውም በጎረምሳነቴ። ፓላው ግን ከባለቤቴ ጋር ሄጄ በስኖርክል ብቻ (ከላይ ተንሳፎ በቱቦ እየተነፈሱ) የጠገብኩት ነገር አለ።

የጄሊፊሽ ሐይቁ ላይ እኮ ታንክ ይዘሽ አትገቢም፤ ክልክል ነው። አንቺም እሱም እኩል ናችሁ። ምክንያቱ ደግሞ ከ15 ሜትር ገደማ በታች ውሃው ኦክስጅን የለውም፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዝ ነው ያለው። በቆዳም ይገባል ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከላይ ነው የሚንሳፈፈው።

ሐይቁ ኢል ማልክ በምትባል ደሴት መሀል ነው። ጀልባው ዳር ያወርድሽና ገደላማ ኮረብታ ትወጫለሽ፣ ከዚያ ትወርጃለሽ። ርቀቱ አጭር ነው፣ ግን ደረጃውና ድንጋዩ ያንሸራትታል። ገመድ ተዘርግቷል፣ ያዙት። ከመግባታችሁ በፊት ጫማና ፊናችሁን (እግር ላይ የሚጠለቀውን የዋና መቅዘፊያ) እንድታጥቡ ያደርጓችኋል፤ ከውጭ መጤ ነገር ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሰንስክሪን ተቀብቶ መግባትም የለም።

መጀመሪያ ስትገቢ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ምንም የለም። ባለቤቴ «ተታለልን» አለችኝ። ወደ መሀል ስንዋኝ አንድ መጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ መቁጠር ቀረ። ወርቃማ ናቸው፤ ትልቁ የጭንቅላት ያክላል፣ ትንሹ የአውራ ጣት ጥፍር። እጅሽ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ትር ትር ይላል። አይናደፉም ባይባልም መናደፋቸው እምብዛም አይሰማም፤ እኔ ከንፈሬን ትንሽ ከመቆንጠጡ በቀር ምንም አላለኝም። ፊናችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፤ ሰውነታቸው ስስ ነው፣ በአንድ ምት ይበጣጠሳል።

እነዚህ ነገሮች ፀሐይ ተከታይ ናቸው። ሰውነታቸው ውስጥ አልጌ አለ፤ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ሠርቶ ያበላቸዋል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ ይመለሳሉ። የዛፎቹ ጥላ ያረፈበት ውሃ ጋ ሲደርሱ ግን ይዞራሉ። ጋይዱ ሲያስረዳን ዳር ጥላው ውስጥ እነሱን የሚበላ አኒሞኒ የሚባል ፍጥረት አድፍጦ ይጠብቃቸዋል አለ። እኔ ታዲያ እዚያው ዳር ላይ ሆኜ አንዷ ስትያዝ አየሁ። ምስኪን፣ ትንሽ ጥላውን አልፋ ነበር።

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

ጋሽ አዞ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ «እኔ የምሄደው ለጄሊፊሹ ነው» ብሎ አረፈው። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ ጄሊፊሾቹ አልቀዋል የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

በ2016 እውነት ነበር። ኤል ኒኞ ያመጣው ድርቅ ነው፤ ዝናብ ቀረ፣ የሐይቁ ውሃ ሞቀ፣ ጨውነቱም ጨመረ። ወርቃማዎቹ ጠፉ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀስ በቀስ አገገሙና በ2018 መጨረሻ ለጎብኚ እንደገና ተከፈተ። በ1998ም እንዲሁ ሆኖ ተመልሰው ነበር። ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ይለያያል። ፈቃዱን ከመግዛታችሁ በፊት ለጀልባ ድርጅቱ ደውላችሁ «በዚህ ሰሞን እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋ ከሆኑ እውነቱን ይነግሯችኋል።

ጥያቄ_አለኝ (አዲስ አበባ)

አዞ ስለሚለው ስም ልጠይቅ 😄 እዚያ በእርግጥ አዞ አለ እንዴ?

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

ስሜ የአርባ ምንጭ ነው፤ ልጅነቴን ያሳለፍኩት እዚያ ነው። ፓላው ግን አለ፤ የባሕር አዞ፣ ማንግሮቩ (ጨው ውሃ ዳር የሚበቅለው ጫካ) ውስጥ። ለጠላቂ ብዙም አያሰጋም፣ በማንግሮቭ ዳር በምሽት አትንቦጫረቂ ብቻ።

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

ወደ ማንታው ልመለስ፤ የባህርዛፍ ስለ እሱ ጠይቃ ነበር።

የምትሄጂበት ወቅት ጥሩ ነው። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ዝናቡ ይቀንሳል፣ ማንታም በብዛት የሚታየው ያኔ ነው። ቦታው ጀርመን ቻናል ይባላል። ጀርመኖች ፓላውን በያዙበት ጊዜ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአንጋውር ደሴት ፎስፌት ለማውጣት ሪፉን ቆፍረው የከፈቱት የጀልባ መንገድ ነው። ለማዕድን ተብሎ የተቆረጠው ሪፍ ዛሬ ማንታ የሚታጠብበት ሆኗል።

መታጠብ ያልኩት በቀልድ አይደለም። የኮራል ጉብታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ ትናንሽ ጽዳተኛ ዓሦች ይኖራሉ። ማንታዋ መጥታ ከጉብታው በላይ ትቆማለች፣ እነሱ ቆዳዋንና ስንጥቆቿን እየዞሩ ጥገኛ ተባይ ይለቅሙላታል። የጠላቂ ሥራ አሸዋው ላይ ዝቅ ብሎ፣ ከጉብታው ራቅ ብሎ ዝም ማለት ነው። አንዳንዴ አርባ ደቂቃ ቁጭ ትዪና ምንም አይመጣም። ትወጫለሽ፣ ሌላው ቡድን ሲገባ ሦስት ይመጣለታል። ምን ይደረጋል።

ስትመጣ አትከተያት! ብዙ ሰው ካሜራውን ዘርግቶ ይሮጣል፤ አንዴ ከተሮጠባት ሄደች፣ የሁሉም ዳይቭ አለቀ። ዝም ካልሽ ግን ራሷ በላይሽ ታልፋለች። ሆዷ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ፎቶ አንሺ፤ እያንዳንዷ የምትለየው በእሱ ነው።

ከማንታ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አይነግርሽም። አዲስ ጨረቃ በሚወጣበት ሰሞን ባምፕሄድ ፓሮትፊሽ የሚባሉት ግንባራቸው ያበጠ ትልልቅ ዓሦች በሺህ ተሰብስበው ይራባሉ። እነሱን ለማየት በጣም በማለዳ ነው በጀልባ የሚወጣው። ኮራል ሲቆረጥሙ ድምፁ ውሃ ውስጥ ይሰማል፤ የቆረጠሙት ደግሞ አሸዋ ሆኖ በኋላቸው ሲወጣ ታያለሽ። የምንጋደምበት ነጭ አሸዋ በአብዛኛው ከዚያ ነው የመጣው፣ እንግዲህ ደስ ይበላችሁ። እረፍትሽን ከጨረቃው ጋር ማገናኘት ከቻልሽ አድርጊው። ከረንቱ ግን አይቀልድም፤ ይሄ እንኳን ለዚህ ጉዞሽ አይሆንም።

ወለተ_ኪዳን (ስቶክሆልም)

ሰላም ለእናንተ። ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች እኮ ዓቢይ ጾም ነው። እኔም ዳይቪንግ ጀምሬያለሁ፣ ባለፈው ጉዞ በምግብ ተቸግሬ ነበር። ጀልባ ላይ ምን ይበላል?

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

ጀልባ ላይ የሚሰጡት ቤንቶ (የጃፓን ዓይነት በሣጥን የተዘጋጀ ምሳ) ነው፤ ጃፓኖች ፓላውን ለሠላሳ ዓመት ያህል ስለገዙ ምግቡ ላይ አሻራቸው አለ። ሩዝ፣ ዶሮ ወይ ዓሣ፣ እንቁላል። ማታውኑ «ቪጋን» ብለሽ ካዘዝሽ ሩዝና አትክልት፣ አንዳንዴም ታሮ ያደርጉልሻል። ታሮ ማለት የእኛ ጎደሬ ነው፤ የወላይታ ልጅ ብትሆኚ አገርሽ የገባሽ ይመስልሻል።

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ አታንሱት። ባለፈው የተነሳ ጊዜ ክሩ እስከ ፋሲካ አላለቀም።

ዱባይ_ጠላቂ

ወለተ ኪዳን፣ የምግቡ ቀላል ነው። የሰዓቱ ነው የሚያሳስበኝ። ጀልባው ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምሺ ሁለት ጊዜ መውረድ ጥሩ አይደለም። ታንክ ውስጥ ያለው አየር ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ አለ፣ ላቡ አለ። የውሃ ጥም ለዲኮምፕሬሽን ሕመም (ከጥልቀት ሲወጣ ሰውነት ውስጥ አረፋ ለሚፈጠርበት ሕመም) ያጋልጣል ተብሎ ነው የምናስተምረው። የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ፤ ወይም በጾሙ ቀን ስኖርክል አድርጊ።

ወለተ_ኪዳን (ስቶክሆልም)

ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ላደርገው ነው እንግዲህ። ማንታው እስከ ኤፕሪል አለ ካላችሁ ይደርሳል።

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

እኔም የሴት ጥያቄ ልጨምር። ሹሩባ ተሠርቼ ብሄድ ይሻላል ወይስ? ካንኩን ላይ ማስኬ ውሃ እያስገባ አሰቃይቶኝ ነበር።

ወለተ_ኪዳን (ስቶክሆልም)

ሹሩባ አሪፍ ነው፣ ጨዋማው ውሃ ፀጉርሽን አያጠላልፈውም። ግን ከፊት ያሉት ጉንጉኖች እንዲቀጥኑ አድርጊ። ግንባርሽ ላይ ወፍራም ከሆኑ የማስኩ ጎማ ቆዳሽ ላይ አይገጥምም፤ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገባው። አንዲት ፀጉር እንኳ በጎማውና በቆዳሽ መሀል ካለች ይበቃል። ከወረድሽ በኋላ ማሰሪያውን ብታጠብቂው ችግሩ አይፈታም፣ ይብሳል እንጂ። ጣትሽን በግንባርሽ ዙሪያ አዙረሽ ፀጉሩን አውጪ። ለማሰሪያው ደግሞ የጨርቅ መሸፈኛ ግዢ፣ ሹሩባሽን አይነቅልም።

ጥያቄ_አለኝ (አዲስ አበባ)

እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። ይቻላል ወይስ ሕልም ነው?

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

ፓላው ራሷ ለአብዛኛው አገር ዜጋ ቪዛ የምትሰጠው ሲደርሱ ነው፤ የመመለሻ ቲኬት ይጠየቃል። ጣጣው መንገዱ ነው። በጉዋም ካለፍክ ጉዋም የአሜሪካ መሬት ናት፣ የአሜሪካ ቪዛ ትጠየቃለህ። በታይፔም በረራ አለ፤ የትራንዚቱን ሕግ ቲኬት ሳትቆርጥ አጣራ።

ደግሞ ወንድሜ፣ ትልቅ ነገር ማየት ከሆነ ፍላጎትህ ጂቡቲ ጎረቤትህ ናት። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ አርታ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ ይመጣል። ስኖርክል ይበቃሃል። ፓላው ለመሄድ የምታወጣው ትኬት ስንት ጊዜ ጂቡቲ ያደርስሃል!

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

እኛ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለን። በረራውስ?

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

ለእናንተ ቪዛ አያስፈልግም፤ እስከ አንድ ዓመት መቆየት ትችላላችሁ። ፓላው በ1994 ነጻ ስትወጣ ከአሜሪካ ጋር የገባችው ስምምነት አላት። ገንዘቡ ዶላር ነው፣ ደብዳቤው እንኳ በአሜሪካ ዚፕ ኮድ ነው የሚሄደው። የፓላው ልጆችም በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለግላሉ።

መንገዱ ዴንቨር፣ ሆኖሉሉ፣ ጉዋም፣ ኮሮር ነው። ከጉዋም ኮሮር ሁለት ሰዓት ገደማ። አይላንድ ሆፐር የሚባለውን በየደሴቱ የሚቆመውን በረራ አይታችሁ እንዳትጓጉ፤ እሱ ጉዋም ላይ ነው የሚያበቃው፣ ፓላው አይደርስም። ቀጥታውን ያዙ።

ወጪ ብላችሁ ነበር። እኛ ስንሄድ የሮክ አይላንድስ ፈቃድ 50 ዶላር፣ የጄሊፊሽ ሐይቁን የሚጨምረው 100 ዶላር ነበር፤ ለአሥር ቀን ያገለግላል። ሌላ 100 ዶላር የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ ቲኬታችሁ ውስጥ ገብቶ ነው የምትከፍሉት። ሁለት ታንክ ዳይቭ (በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መውረድ) ከምሳ ጋር ከ150 ዶላር በላይ ነው ብለው ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ርካሽ አገር አይደለም። እኔ ግን ለዚህ ገንዘብ አላጉረመርምም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ኤርፖርት ስትደርሱ ፓስፖርታችሁ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ማኅተም ይመታል። ለፓላው ልጆች የሚገባ ቃል ኪዳን ነው፤ አገራቸውን አላጠፋም፣ የእኔ ያልሆነውን አልወስድም ዓይነት። እናንተ ትፈርሙበታላችሁ። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የቱሪስት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳይ ሰዎቹ የምር ናቸው። በ2009 በዓለም የመጀመሪያውን የሻርክ መጠለያ አወጁ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የባሕር ክልላቸውን 80 በመቶ ለንግድ ዓሣ ማጥመድ ዘጉት። በዚያው ዓመት ኮራል የሚጎዳ ሰንስክሪን ከለከሉ፤ ኦክሲቤንዞን ያለበትን ይዛችሁ ብትመጡ ይወስዱባችኋል። እቃውን ከዴንቨር ሳትነሱ እዩት።

ዱባይ_ጠላቂ

የሻርኩ ነገር በገንዘብም ተሰልቷል ጋሽ አዞ። የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች አንድ የፓላው ሪፍ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በቱሪዝም 1.9 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል ብለው ገምተዋል። ሞቶ ቢሸጥ 108 ዶላር።

ሻርክ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ግራጫው ሻርክ ከመናደዱ በፊት ይናገራል። ጀርባውን ያጎብጣል፣ የጎን ክንፎቹን ወደ ታች ይጥላል፣ ጭራውን አጋንኖ እያወዛወዘ ይዋኛል። ያንን ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ቦታ ልቀቁለት። መንገዱን አትዝጉበት፣ ፍላሽ አታብሩበት። እኔ ብዙ ጊዜ ካየኋቸው መሀል እንዲህ ያደረገው ካሜራ አፍንጫው ሥር የተደቀነበት ብቻ ነው።

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

እሺ፣ ወስኛለሁ። ከመሄዴ በፊት አድቫንስዱን እጨርሳለሁ። ካንኩን አጠገብ ኮዙሜል አለ አይደል? እዚያ ከረንት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዱባይ_ጠላቂ

ጎበዝ! ኮዙሜል የታወቀው በድሪፍት ዳይቪንግ ነው። ከረንቱ ይወስድሻል፣ ጀልባው ይከተልሻል፤ ፓላው የሚያስፈልግሽ ልክ እሱ ነው። አስተማሪሽን ኤስኤምቢ መልቀቅ እየደጋገመ እንዲያሠራሽ ጠይቂው። ናይትሮክስም (ኦክስጅኑ ከፍ ያለ የታንክ አየር አጠቃቀም ትምህርት) ብትጨምሪ አይከፋም።

የዳይቪንግ ኢንሹራንስ አትርሺ። ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሪ ቆዪ። ከኮሮር የሚነሱ በረራዎች ሌሊት ላይ ስለሚሆኑ ብዙ ሰው ሰዓቱን ይሳሳታል። የመጨረሻውን ቀን ከውሃ ውጪ አውጪው።

የባህርዛፍ (ዴንቨር)

ያን ቀን ምን እናድርግ ታዲያ?

ቀይ_ባሕር (ቴል አቪቭ)

ፔሌሊው ደሴት ሂዱ። በ1944 አሜሪካና ጃፓን የተፋለሙባት ናት። ጦርነቱ በአራት ቀን ያልቃል ተብሎ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ዝገት የበላቸው የጦር ታንኮችና ዋሻዎቹ አሁንም አሉ። ከመንገዱ ወጥታችሁ ጫካ አትግቡ፤ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አለ።

ጋሽ_አዞ (ቨርጂኒያ)

ወይም ባቤልዳኦብ ላይ ንጋርድማው ፏፏቴ አለ፤ ለባልየው እሱ ይሻለዋል፣ ጦርነት ከሚያይ። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ያስለከልካል። ውሃ የማይፈራ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያዙ፤ እዚያም ጄሊፊሽ ሐይቁም ላይ ትፈልጉታላችሁ። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ጎረምሳ አይቼ ነበር፣ ኮረብታውን በእጁ ይዞት ነው የወጣው።